ዓመቱን ከነአቆጣጠሩ ጻፉልን!

የድሮ ዘፈን ኢንተርኔት ላይ የምትለጥፉ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ከልቤ ተናድጄ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጊዮርጊስ አካባቢ የምትኖረው አክስቴ «ያንን የማሕሙድን ኧረ መላ መላ፣ የጥንቱን፣ በሸክላ እንሰማው የነበረውን አስጭንልኝ» ብላ ፍላሿን ሰጠችኝ። አክስቴ ዐይኗ ደክሟል፤ ቀኑን የምታሳልፈው ሬዲዮና ዘፈን እየሰማች ስለሆነ ትእዛዟን እንደ ቀላል ነገር አላየሁትም። መናኸሪያው አጠገብ ዘፈን ወደሚጭን ሱቅ ሄድኩ፤ ልጁም «ጋሼ፣ ኦሪጅናሉ ይኸውልዎት» ብሎ አራት ፋይል ጫነልኝ። ቤት ገብተን ስንከፍተው አንዱ መድረክ ላይ የተቀዳ፣ ሌላው በኪቦርድ ብቻ የታጀበ የሌላ ድምፃዊ ሥራ፣ ሦስተኛው መሐሉ ላይ የሚቆረጥ ሆኖ ተገኘ። አራተኛው አክስቴ የፈለገችው ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን በአራቱም ላይ «የድሮ ትራክ» ከሚል በቀር የባንዱም፣ የአሳታሚውም፣ የዓመቱም ስም አልተጻፈም።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ብስጭት የጀመረው። ዓመቱን ለማጣራት ኢንተርኔት ስከፍት አንዱ 1975፣ ሌላው 1986፣ ሌላው 1999 ብሎ ጽፏል፤ የትኛውም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» አላለም። በማግሥቱ ጣና ዳር ቡና ስንጠጣ ነገሩን ባነሳው፣ አንድ የማከብራቸው ጎረቤቴ «1986 ነው፤ ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ የወጣ ነው» ብለው ድርቅ አሉ፤ አብሮን የነበረው ወጣት ደግሞ 1975ን ይዞ «አይ፣ ደርግ መሐል ላይ ነው» አለ። ሁለቱም ያነበቡትን ነው የተናገሩት፤ ሁለቱንም ያሳሳታቸው ቁጥሩን ያለ አቆጣጠሩ የለጠፈው ሰው ነው።

እውነቱ ይህ ነው። ማሕሙድ አህመድ ኧረ መላ መላን ከአይቤክስ ባንድ ጋር የቀዳው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ በእኛ ሲቆጠር 1967 ወይም 1968 መጀመሪያ ላይ ይውላል። ያሳተመው ዓሊ ታንጎ እየተባለ የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ ስም ነው። 1986 የተባለው ክራምድ ዲስክስ የተሰኘ የቤልጂየም አሳታሚ በዚሁ ርእስ አልበም ለውጭ አድማጭ ያወጣበት ዓመት ሲሆን፣ 1999 ደግሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው የኢትዮፒክስ ስብስብ ሰባተኛው ቅጽ ላይ እንደገና የታተመበት ነው። ሦስቱም የፈረንጅ ዓመታት ናቸው፤ ሁለቱ የዳግም ኅትመት እንጂ የቀረጻ ዓመታት አይደሉም።

«ሰባት ስምንት ዓመት ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚለኝ ሰው አለ። ብዙ ለውጥ ያመጣል! በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን የያዘው ገና በዚያው መስከረም ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ሆኖ ሳለ ደፍሮ በግሉ ማሳተም ስለጀመረ፣ እንደ ካይፋ ያሉትም ተከትለው ገብተው ስለነበር ነው ይህ ዘፈን በሸክላ የደረሰን። በ1975 ዓ.ም. ግን ገበያውን የያዘው ካሴት ነው፤ አይቤክስም ሮሃ ባንድ ሆኗል። ዓመቱን ስታዛቡት አክስቴ «በሸክላ ሰማሁት» ስትል የምትዋሽ ይመስላል፤ እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

የባንዱ ስም ሲጠፋም የሰው ልፋት አብሮ ይጠፋል። የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ጊታርና የሰላም ሥዩምን ጊታር ከዚያ ዘመን ቀረጻዎች ላይ አውጥታችሁ ብታስቡት ምን ይቀራል? ሙዚቀኞቹ ከድምፃዊው ጋር ተቀምጠው የሠሩት ነው እኮ፤ ታዲያ «አጃቢ፦ አይቤክስ ባንድ» ብሎ መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ሽፋኑ አብሮ አይገለበጥም ነበር፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር የሚለው ጽሑፍ መጥፋት የጀመረውም ያኔ ነው። ዛሬ ግን ያንን ምክንያት ማንም ሊያቀርብ አይችልም፤ የምትለጥፉበት ገጽ ለጽሑፍ ሰፊ ቦታ አለውና።

ሰኞ ዕለት ወደ ሱቁ ተመልሼ የፋይሉን ስም እንዲያስተካክልልኝ ልጁን ለመንኩት። እሱም በቅንነት «ጋሼ፣ ስሙ ሲረዝም የባጃጅ ቴፕ ላይ ተቆርጦ ነው የሚታየው፤ አማርኛውንም አያነብም» አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ እሱም የተቀበለው ያለ ስም ነው። አራተኛውን ፋይል ብቻ አስቀርቼ ሌላውን አስጠፋሁ፤ «ማሕሙድ አህመድ፣ አይቤክስ ባንድ፣ ካይፋ፣ 1975 እ.ኤ.አ.» ብዬ በወረቀት ጽፌ ፍላሹ ላይ በፕላስተር ጠቀለልኩት። አክስቴም ማንበብ ባትችልም በጣቷ ዳሰሰችውና «ምን ይላል?» ብላ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።