አባቴ ጆሮው ላይ ያደረገው የሙዚቃ ማዳመጫ አይደለም!

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ይህን ሳልተነፍሰው ብተኛ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ እባካችሁ አንብቡልኝ።

ያን አዲሱን ምግብ ቤት ታውቁታላችሁ፤ ሁላችሁም ደረጃው ላይ ቆማችሁ ፎቶ የለጠፋችሁበትን። የአባዬን ልደት እዚያ አክብሩ ያላችሁኝም እናንተው ናችሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ደውዬ ጠረጴዛ ያዝኩ። "አባቴ ጆሮው ያስቸግረዋል፣ ጥግ ላይ ጸጥ ያለ ቦታ ስጡን" አልኩ። ልጅቷም "ችግር የለም፣ መዝግቤዋለሁ" አለችኝ። የት እንደመዘገበችው እግዜር ይወቅ። የተሰጠን ጠረጴዛ ከስፒከሩ ሁለት እርምጃ ነው። ሁለት! ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አይቻለሁ። "ቀይሩልን" ስል "ሁሉም ተይዟል"። ከፊቴ ስድስት ባዶ ጠረጴዛ ቆጠርኩ። እስክንወጣ ድረስ ማንም አልተቀመጠባቸውም።

አባዬ ግራጫ ኮቱን ለብሶ ነው የመጣው። ጠዋት ራሱ ተኩሶታል። መንገድ ላይ ስለ ታላቅ ወንድሙ አንድ ታሪክ ጀምሮልኝ ነበር፤ ልጆች ሆነው ሌሊት ከቤት ጠፍተው ስለሄዱበት ቀን። ከዚህ በፊት ነግሮኝ አያውቅም። በሩ ጋ ስንደርስ "ቁጭ ስንል እጨርስልሻለሁ" አለኝ።

ቁጭ አልን። አስተናጋጁ መጣ። ወጣት ልጅ ነው፣ መልከ መልካም፣ ሽርጡ የተተኮሰ። ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈችውን፣ ሜኑው በስልክ የሚነበብባትን ጥቁርና ነጭ ካሬ ጠቆም አድርጎ ሊሄድ ሲል አባዬ "ሜኑ የለም እንዴ፣ ልጄ?" አለው። ልጁ የሆነ ነገር መለሰ። አባዬ አልሰማውም። ጎንበስ ብሎ "ምን አልክ?" አለው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ልጁ አባዬን ትቶ ወደ እኔ ዞረና እንዲህ አለኝ፦

"ፋዘር መጀመሪያ ማዳመጫውን ያውጡትና፣ ከዚያ ይሰሙኛል።"

ማዳመጫውን!

"ማዳመጫ አይደለም፣ የመስሚያ መሣሪያ ነው" አልኩት። እሱም አልሰማኝም። ስለዚህ ጮኼ ደገምኩት። ልክ ስጮኽ ደግሞ ዘፈኑ አለቀ። በዚያች ዝምታ "መስማት ስለማይችል ነው ያደረገው!" የሚለው የእኔ ድምፅ ቤቱን ሞላው። አጠገባችን ያሉት አራት ሴቶች ዞር ብለው አባዬን አዩት። አንደኛዋ ቶሎ ዓይኗን ሰበረች። አባዬ ይህንን በደንብ ሰማው። ያን ሰዓት፣ ከሁሉም ነገር ያንን ብቻ።

ልጁ "ይቅርታ" እንኳ አላለም። "እና ስማርት ስልክ የላቸውም?" አለኝ። "የላቸውም"! አባቴ ፊቱ ተቀምጦ! ሰውዬው አለ፣ በሕይወት አለ፣ ጠይቀው!

ስልክ አለው። ደብዳቤ የሚያህል ጽሑፍ በጣት እየገፉ በዚያ ጨለማ ማንበብ ነው ያቃተው፤ እኔም አቅቶኛል። ያ ካሬ፣ ኪውአር ኮድ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ ዴንሶ ዌቭ የሚባል ኩባንያ የመኪና ዕቃ ለመቆጣጠር የሠራው ነው። ለቦልት፣ ለፍሬን ሸራ። በዚያ ዘመን ማንም ሰው አንድ ቀን ራት ለመብላት ያስፈልገኛል ብሎ አላሰበም። አንድ ወረቀት ማተም ምን ይጎዳል? አሥር ቅጂ ብቻ ኖሯቸው ለሚጠይቅ ሰው ቢሰጡ ማን ይሞታል? ባለፈው የሄድንበት ያኛው ቤትም እንደዚሁ ነው፤ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ አስተናጋጇ ያለውን ምግብ በቃሏ ልትነግረን አልቻለችም። እዚያው እየሠራች!

ስለ ጫጫታው ላውራ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው መስታወት፣ ጠረጴዛው ብረት፣ ጣሪያው ቧንቧው የሚታይ ባዶ ኮንክሪት። መጋረጃ የለ፣ ምንጣፍ የለ፣ የጠረጴዛ ልብስ የለ። ድምፅ የሚውጥ አንድ ነገር ስለሌለ የሹካው ኳኳታ፣ የበረዶ መፍጫው፣ የሰዉ ሳቅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ተመልሶ ጆሮህ ላይ ይወርዳል። ሰው ለመሰማት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ጎረቤቱ ከእሱ በላይ ይጮኻል፣ ዲጄው ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጨምራል። ጫጫታ ሲበዛ ሰው ሳይታወቀው ድምፁን እንደሚያሳድግ ኤቲየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 ጽፎታል፤ ነገሩ እስከ ዛሬ በስሙ ነው የሚጠራው። ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው! ይህን ሁሉ ገንዘብ አፍስሶ ቤት የሚሠራ ሰው ጣሪያው ላይ ድምፅ የሚይዝ ስፖንጅ ነገር መለጠፍ እንዴት ያቅተዋል?

ጫጫታውን በስልኬ ለካሁት። 93፣ 94 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው)። የስልክ መለኪያ እንደ ባለሙያ መሣሪያ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ግን ትንሽ ቢሳሳትስ? የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኛ ያስቀመጠው ገደብ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ 1 ሰዓት ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ያ አስተናጋጅ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ውስጥ ይመላለሳል። በየቀኑ። ስለ እሱ ሳስብ ንዴቴ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል፤ እሱም እኮ ያልሰማኝ ጆሮው እየሄደ ስለሆነ ይሆናል።

ደግሞ ይህን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። በዕድሜ የሚሄድ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ ስ፣ ፍ፣ ት የመሳሰሉትን። ስለዚህ ሰው እያወራ መሆኑን ይሰማል፣ ምን እንዳለ ግን መለየት ያቅተዋል። መሣሪያው ደግሞ የእኔን ድምፅ ብቻ መርጦ አያመጣለትም፤ ሳህኑንም፣ ከበሮውንም አብሮ አጉልቶ ነው ጆሮው ውስጥ የሚጨምርለት። ለአባዬ ያ ቤት ምን እንደሚመስል አስቡት።

አሥር ደቂቃ ያህል ታገለ። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ከንፈሬን እያየ ፈገግ ይላል፣ ራሱን ይነቀንቃል። "ምግቡ ቆየ አይደል?" ስለው "እሷም ደህና ናት" አለኝ። የቷ? ማን? ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ጆሮው ላከ፣ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አወጣቸው፣ በናፕኪን ጠቀለላቸው፣ የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው። ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሰዉን ማየት ጀመረ። ራቱን የበላው እንደዚያ ሆኖ ነው። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላበት ቀን።

ሥራ አስኪያጁን አስጠራሁ። ሙዚቃውን ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ዝቅ እንዲያደርጉልኝ ለመንኩት። "እህቴ፣ ሰው እዚህ የሚመጣው ለቫይቡ ነው" አለኝ። እኛስ? እኛ ለምንድን ነው የመጣነው? እኛ ሰው አይደለንም? "ጸጥታ ከፈለጋችሁ በጊዜ፣ በቀን ብትመጡ ይሻላል" ብሎ ጨመረልኝ። ሽማግሌ በቀን፣ ወጣት በማታ ማለቱ ነው። ባለፈው ወር ደግሞ ያቺ ጓደኛችን ከሕፃን ልጇ ጋር ስትሄድ "በማታ ልጅ አናስገባም" ብለው ከበር መልሰዋታል። እና ይህ ሁሉ ወንበር የተደረደረው ለማን ነው?

ምግቡ ከ50 ደቂቃ በኋላ መጣ። ዓሣው ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ገና ከግማሽ ሳንደርስ ያቺ በር ላይ የምትቆመው ልጅ መጥታ የጠረጴዛው ጊዜ 90 ደቂቃ መሆኑንና 20 ደቂቃ እንደቀረን ነገረችኝ። "ምግቡን ያዘገያችሁት እናንተ ናችሁ!" ስላት "ሲስተሙ የሚቆጥረው ከተቀመጣችሁበት ሰዓት ጀምሮ ነው" አለች። ከባዶዎቹ ስድስት ጠረጴዛዎች ጋር ተደምሮ ይህን አስቡልኝ። እኔ ያዘዝኩት መጠጥም ብርጭቆው እስከ አፉ በረዶ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ስጎነጭ አለቀ። ሂሳቡ ሲመጣ ደግሞ ከታች ሰርቪስ ቻርጅ ተደምሮበታል። ለየትኛው አገልግሎት? ከፈልኩ። ምን አደርጋለሁ፣ አባዬ ፊት በልደቱ ቀን አልከራከርም። በጣም ደክሞኝ ነበር።

ስንወጣ ያው አስተናጋጅ በሩን ከፈተልንና አባዬን "ፋዘር፣ እንዴት ነበር?" አለው። አባዬ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" አለው። ምን እንደተጠየቀ አልሰማም። ያኔ እንባዬ መጣ።

መኪና ውስጥ ገብተን በሩን ስንዘጋ ጸጥ አለ። ጆሮዬ ግን አሁንም ይጮኻል፣ ይህን ስጽፍም አላቆመም። ትንሽ ከነዳሁ በኋላ "አባዬ፣ ያ የወንድምህ ነገርስ? ሌሊት የጠፋችሁበት?" አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። መሣሪያዎቹ አሁንም ኪሱ ውስጥ ናቸው።

"ጥሩ ነበር" አለኝ። "ዓሣው በጣም ጥሩ ነበር።"