ሕዝብህ ከየት ወጣ?

ዴልሂ በምኖርበት ፎቅ ላይ አከራዩ ቶሎ ቶሎ የሚደውልልን ሁለት ተከራዮች አለን። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ከእኔ በታች ያለችው የናጋ ልጅ ናት። እኔ በርበሬ ሳቁላላ ይደውላል። እሷ አኩኒ ስትሠራ ይደውላል። አኩኒ ማለት ተቀቅሎ የተብላላ አኩሪ አተር ነው። ቆጮ የለመደ አፍንጫ ብዙም አይደነግጥበትም፤ ያልለመደ ግን ፍሳሽ የፈነዳ ይመስለዋል። እናም ወዳጅነታችን የተጀመረው በሽታ ነው። በጠረን ማለቴ ነው፤ የበሽታው ነገርማ እንጀራዬ ነው። ከኢትዮጵያ ለሕክምና ለሚመጡ ሰዎች አስተረጉማለሁ። ለትምህርት መጥቼ፣ እንደ ብዙዎቹ፣ ሳልመለስ የቀረሁ ሰው ነኝ።

የሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ሰዎች ዴልሂ ውስጥ ከእኛ ብዙም አይሻሉም። መልካቸው ለየት ስለሚል በገዛ አገራቸው «ከየት ነህ?» ይባላሉ። በጥር 2014 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ካልጠቀስኩ በቀር የፈረንጅ ናቸው) ከአሩናቻል ፕራዴሽ የመጣ ተማሪ በፀጉሩ ተቀልዶበት፣ ነገሩ ወደ ጠብ ዞሮ፣ ተደብድቦ ሞተ። በዚያው ወር ኪርኪ በሚባለው ሰፈር በአፍሪካውያን ሴቶች ላይ በሌሊት በተደረገ አሰሳ ከተማው ታምሶ ነበር። እሷ በአገሯ፣ እኔ በሰው አገር፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ስንመልስ እንውላለን።

በየካቲት መግቢያ ላይ ደረጃ ላይ አገኘችኝና «አጎቴ ቡባን ሊወጡ ነው፤ ትመጣለህ?» አለችኝ። ቡባን ዋሻ ነው። አሳም ክፍለ ግዛት፣ ካቻር ወረዳ፣ ወደ ማኒፑር ድንበር በተጠጋ ተራራ ላይ ያለ።

ናጋ ሲባል አንድ ቋንቋ የሚናገር አንድ ሕዝብ እንዳይመስላችሁ። የየራሱ ቋንቋ ያለው ብዙ ነገድ ነው። ናጋላንድ አለ፣ ማኒፑር አለ፣ አሳም አለ፣ ድንበር ተሻግሮ ምያንማርም አለ። ጎረቤቴ ሮንግሜ ናት። ከዜሜና ከሊያንግሜ ጋር ሲደመሩ የሦስቱን ስም ቀንጨብ ቀንጨብ አድርገው «ዜሊያንግሮንግ» ይባላሉ።

ናጋዎች ዘንድ ደግሞ «ገና» የሚባል ነገር አለ። ልደት አይደለም። ሥራ የማይሠራበት የክልከላ ቀን ነው። ማኒፑር ውስጥ ማኬል የምትባል መንደር አለች። ብዙ የናጋ ነገዶች ተሰነባብተው የተበተኑት ከዚያ ነው ይላሉ፤ ለምስክር የቆመ የዱር ፒር ዛፍም አለ። የዛፉ ቅርንጫፍ ከተሰበረ ገና ይሆናል። ማረስ የለም። ይህን ስትነግረኝ ትዝ ያለችኝ መንዝ ያለችው አክስቴ ናት። በሚካኤል ቀን በሬ የጠመደ ጎረቤቷን እህል በረዶ ሲመታው «እሰይ፣ የእጁን ነው» ያለች ሴት ናት። ሰውዬው ዘመዷ ነው።

ሲልቻር በአውሮፕላን ገባን። ከተማው ቤንጋሊኛ ተናጋሪ ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ የባራክ ወንዝና ማለቂያ የሌለው የሻይ እርሻ ይጀምራል። አጎቷ የሚኖሩበት የሮንግሜ መንደር ስንደርስ መሽቶ ነበር። ቤት ውስጥ እሳት ይነዳል፤ ከእሳቱ በላይ በተሰቀለ ቆጥ ላይ የአሳማ ሥጋ ጭስ እየጠጣ ተደርድሯል። ለእንግዳ የሚቀርበው እሱ ነው። እኔ ደግሞ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ። እንዴት አድርጌ እምቢ እንደምል መንገዱን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ደግነቱ ነነዌ ደረሰልኝ። «ጾም ነኝ» አልኩ። ሴትየዋ ምንም ሳትከፋ ሩዝና የተቀቀለ ቅጠል አቀረበች። አጠገቡ አንዲት ቀይ ቃሪያ አስቀመጠች፤ ራጃ ሚርቻ ትባላለች። እኔ ሚጥሚጣ ያደግሁበት ሰው ነኝ ብዬ ገመጥኩ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ያህል የተነገረውን አልሰማሁም። አጎቷ ሲስቁ ብቻ አያለሁ።

ጠዋት መንደሩን አዞሩኝ። አንድ ባዶ ቦታ ላይ ቆመው፣ ድሮ ወንዶች ልጆች ተሰብስበው የሚያድሩበት ቤት እዚህ ነበር አሉኝ። አካባቢው ሞሩንግ ይለዋል። ልጁ ወግ የሚሰማው፣ ጦር አያያዝ የሚማረው፣ ዘፈን የሚያወጣው እዚያ ነው። ኮንሶ የሄደ ሰው «ሞራ» የሚባለውን ያውቃል። የመንደሩ አደባባይ ነው፤ ወንዶቹ የሚያድሩበትም ቤት አለበት። ሞራ፣ ሞሩንግ። ቋንቋዎቹ ምንም አይገናኙም፤ የስሙ መመሳሰል አጋጣሚ ነው። ልዩነቱ የኮንሶው ሞራ ዛሬም ሰው ይቀመጥበታል። የእሳቸው ባዶ ቦታ ነው። ኳስ የሚጫወቱበት።

ወደ ዋሻው የሚወጣው በእግር ነው። መቃ የሚመስል ቀርከሃ ሁለት በኩል፣ መሐሉ ላይ የሚያንሸራትት አፈር። ሰባ ያለፉት ሰውዬ ከፊት፣ አርባ ያልሞላሁት እኔ ከኋላ እያለከለክሁ። መንገድ ላይ የሂንዱ ተሳላሚዎች አገኘን። ለእነሱ ተራራው የሺቫ ነው፤ በሺቫራትሪ በዓል በብዛት ይወጣሉ። ለዜሊያንግሮንጎች ደግሞ የቢሽኑ ቤት ነው፤ የአባቶቻቸው አምላክ። ሶፍ ዑመርን አሰብኩ። ባሌ ውስጥ ያለው ያ ረጅም ዋሻ የሼኩን ስም ይዟል፣ ሙስሊሙ ይዘይረዋል፤ ከእስልምና በፊት ደግሞ ኦሮሞው ያከብረው ነበር። ዋሻ መቼም ባለቤት አያጣም።

አፉ ላይ ስንደርስ አጎቷ ጫማቸውን አወለቁ። እኔማ ቤተ ክርስቲያን የለመድኩት ነው፤ ቶሎ አወለቅሁ። ጎረቤቴ ግን ቆም አለች። ቤተሰቦቿ ባፕቲስት ናቸው። በ2011 በተደረገው ቆጠራ ከ100 የናጋላንድ ነዋሪ 88ቱ ክርስቲያን ነው፤ ሚሲዮናውያኑ ከገቡ ገና ከ1872 ወዲህ ነው። የእነሱ ፓስተር ዋሻ መሄድን እንደ ጣዖት ነው የሚያየው። አጎቷ ምንም አላሏትም። የያዙትን ዘንቢል ዘርግተው «ይህን ያዥልኝ፤ ከብዶኛል» አሏት። ዘንቢሉ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውሃና ሁለት ሻማ ብቻ ነው የነበረው። ተቀብላ ተከተለቻቸው። ጫማዋን ማውለቋን ያየሁት ውስጥ ከገባን በኋላ ነው።

ውስጡ ጠባብና ጨለማ ነው። ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ሰውዬው በቋንቋቸው ለራሳቸው ያወሩ ጀመር። ማንም አልተረጎመልኝም፤ እኔም ለአንድ ቀን ከማስተርጎም ማረፌ ደስ አለኝ።

ሲጨርሱ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የጃዶናንግን ነገር አጫወቱኝ። ሐይፖው ጃዶናንግ ማኒፑር ውስጥ የተወለደ ሮንግሜ ነው። የእንግሊዝ ዘመን ያበቃል፣ የናጋ መንግሥት ይመጣል፣ ግብር አትክፈሉላቸው ይል ነበር። በየካቲት 1931 ወደ 600 የሚሆን ተከታይ ይዞ እዚህ ዋሻ መጣ። ዘመዱ ጋይዲንሊዩ አብራው ነበረች፤ ያኔ 16 ዓመቷ ነው። ሲመለስ የካቻር ፖሊስ ያዘው። አራት ነጋዴዎችን አስገድለሃል ተብሎ በዚያው ዓመት ነሐሴ 29 ቀን ኢምፋል ላይ ተሰቀለ። ልጅቷ ትግሉን ቀጠለች። በ1932 ተይዛ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ኔህሩ በ1937 እስር ቤት ሄዶ አይቷት «ራኒ» አላት፤ ንግሥት ማለት ነው። የተፈታችው እንግሊዞች ሲወጡ፣ በ1947 ነው። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ አንድም ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እኛ ቤት ቢሆን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይፎከር ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የአንተስ ሕዝብ ከየት ወጣ?»

«ከኢትዮጵያ» አልኩ።

«እሱ አገርህ ነው። ሕዝብህ ነው ያልኩህ።»

በእነሱ ትረካ ሰው ወደ ምድር የወጣው ማሁ ታኦቤይ ከሚባል ዋሻ ነው። ቡባን ሌላ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የቅኔ አይደለም፤ እሳቸው የሚጠብቁት መልስ አላቸው። ከየት ዋሻ፣ ከየት ዛፍ፣ ከማን ጋር ተለያይታችሁ፣ በየት አልፋችሁ መጣችሁ ነው ጥያቄው። ጎረቤቴን ቢጠይቋት ፓስተሯ እየሰማ እንኳ ትመልሳለች። የጎሣዋን ስም፣ የአያቶቿን መንደር ተራ በተራ። እኔ «ከሰሜን ሸዋ» ብዬ ቆምኩ። «አያትህ?» አሉኝ። ስሙን ተናገርኩ። «የእሱስ አባት?» ዝም አልኩ። ውሃው ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ዴልሂ ላይ «ከየት ነህ?» የሚለኝ ሰው የመግቢያ ወረቀቴን ነው የሚፈልገው። ቦሌ አየር ማረፊያ ላይም ያው ነው፤ ፓስፖርቱን አይቶ የየትኛው ሰልፍ እንደሆንኩ ይነግረኛል። ሰውዬው ግን በእውነት ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። መልሱ የሌለኝም ለዚህኛው ሆነ።

ባለፈው አዲስ አበባ ስሄድ 19 ቀን ቆየሁ። እንጦጦ ፓርክ ሄድኩ፤ አንድነት ፓርክ ሄድኩ። የአጎቴ ልጅ አዳዲስ ሕንፃ ሁሉ አሳየኝ። ክትፎ በላሁ፣ ሰርግ ላይ ጨፈርኩ፣ ሁለት ሰው አስታርቅ ተብዬ አጣላሁ። መንዝ አልሄድኩም። «መንገዱ» ምናምን አልኩ። ይኸው እኔው ነኝ ሦስት ሺሕ ብር የማይሞላ መንገድ ትቼ የሰው ቅድመ አያት ዋሻ ድረስ በአውሮፕላን የመጣሁት። ዳያስፖራ ስንባል አገር ቤት ስንመጣ የምንጎበኘው አዲሱን ነው፤ «ተለውጧል» ለማለት እንዲመቸን። አሮጌው የት ይሄድብናል ብለን እናስባለን።

ከተራራው ወርደን ኔትወርክ ያዝ ሲያደርግልኝ መንደሩ በራፍ ላይ ተቀምጬ አክስቴ ጋ ደወልኩ። እዚያ ገና ቀን ነው።

«እታባ፣ ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ።»

ዝም አለች። ከዚያ በጣም ተጠንቅቃ፣ «ልታገባ ነው?» አለች።

ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነውና አልፈርድባትም። አይ እንዲሁ ነው አልኳት። «እንዲሁ ሰባት ቤት ይቆጠራል?» ብላ ሳቀች፤ ግን ጀመረች። አባትህ። አያትህ። የአያትህ አባት ጋ ስትደርስ ድምጿ ቀጠን አለ።

«እሱ እንኳ ከዋሻ ያልወጣው ነው።»

«ምን ዋሻ?»

«ዘረት ነዋ! ጣሊያን በጋዝ የፈጃቸው። አልነገርኩህም?»

ዘረትን በመጽሐፍ አውቀዋለሁ። መንዝ ውስጥ የአመፀኛ ዋሻ የሚባለው ነው። አርበኞች ከነሴቱ፣ ከነልጁ፣ ከነከብቱ ተጠልለውበት ሳለ ጣሊያን በመርዝ ጋዝ ፈጃቸው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1931 ነው። ጃዶናንግም ወደ ቡባን የወጣው በ1931 ነው፤ በፈረንጆቹ። ቁጥሩ አንድ፣ ዘመኑ ስምንት ዓመት ይራራቃል። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ለሰው አውርቼዋለሁ። ዘመድ እንዳለኝበት ግን የነገረኝ አልነበረም። ወይም ተነግሮኝ አልሰማሁም፤ አክስቴ ሁለተኛው ነው ትላለች።

አጎቷ እሳቱ ዳር ሆነው ያዩኛል። በእጄ «ሦስት» አልኳቸው፤ ሦስት ቤት ደርሻለሁ ለማለት። አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ቀጥል እንደማለት።

አክስቴ አራተኛውን ነገረችኝ። አምስተኛው ላይ ሁለት ስም ይምታታባታል፤ አንደኛው የክርስትና ስም ሳይሆን አይቀርም አለች። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ታች መንደር ያሉ አንድ ሽማግሌ ያውቃሉ፤ ነገ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ትጠይቅልኛለች።

«ጽፈህ ያዘው ታዲያ» አለች። «ደግሞ ካርድ ላክልኝ፤ ሰውዬው ወሬያቸው ረጅም ነው።»