ማንኪያው በሰላም ገብቷል፦ ይድረስ ለትዕዛዝ ማደሻ ፎርም

ለ፦ ክቡር የትዕዛዝ ማደሻ ፎርም (በኢንተርኔት የታዘዘ ዕቃ የሚስተካከልበት ገጽ)
ባሉበት ሰርቨር (መዝገብዎን የያዘው ኮምፒውተር)

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ደሴ ፒያሳ ለሚገኝ አንድ የዕቃ ሱቅ ያስላኳቸው 4 የፕላስቲክ ሳፋዎች በስፖንጅ ተጠቅልለው፣ ካርቶን ለብሰው፣ «ተሰባሪ» የሚል ቀይ ቴፕ ታጥቀው አንድ ጭረት ሳይነካቸው ደርሰዋል። 10 ደርዘኑ ማንኪያም እንዲሁ። ማንኪያ በስፖንጅ! እንዲህ ያለ አደራ ጠባቂ በዚህ ዘመን ብርቅ ነውና እግዜር ይስጥልን።

ብርጭቆዎቹ ግን በባዶ ካርቶን ነው የመጡት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማ በርን፣ ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን አልፎ፣ ኮምቦልቻ ትንሽ ተንፍሶ ሐረጎን እየተጠማዘዘ የሚወጣው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 96 ብርጭቆ ምን እንደሚያደርግ ለደሴ ሰው አይነገርም። አውራጁ ካርቶኑን ገና ብድግ ሲያደርገው «እትዬ፣ ይሄ ነገር ይንኳኳል» አለ። ፔርሙሶቹ ከውጭ ሲታዩ ደህና ናቸው፤ ሲነቀነቁ ነው የውስጥ መስታወታቸው የሚንኮሻኮሸው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ «አብሽሪ» እያለ አለፈ።

ትዕዛዙ አምስት ረድፍ ነበረው፦ ሳፋ 4፣ ሲኒ 6 ደርዘን፣ ማንኪያ 10 ደርዘን፣ ብርጭቆ 8 ደርዘን፣ ፔርሙስ 12። ከየረድፉ ጎን «ተሰባሪ፣ ይጠቅለል» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ባለሱቋ ሲኒ፣ ብርጭቆና ፔርሙስ ላይ ራይት አደረገች፤ ሳፋንና ማንኪያን ተወቻቸው። መጀመሪያ ሲታዘዝ እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ወደ ካርት (የግዢ ቅርጫት) ስለገባ ሁሉም በትክክል ተመዘገበ። በማግስቱ ሲኒው በዛ ብላ ከ6 ወደ 4 ደርዘን ልትቀንስ እርስዎ ዘንድ መጣች። አንዲት ቁጥር ቀየረች፣ «አድስ»ን ነካች። እርስዎም በአረንጓዴ ቀለም «ትዕዛዝዎ በተሳካ ሁኔታ ታድሷል» አሉ። ምኑ እንደታደሰ ግን አላሳዩም።

የሆነው እንዲህ ነው። እርስዎ አንዲት ቁጥር ስትቀየር አምስቱንም ረድፍ ነው እንደገና የሚልኩት። ይሁን፣ የፎርም ወግ ነው። ነገር ግን ራይት ያልተደረገበት ሳጥን «የለም» ወይም «ዜሮ» ተብሎ አይላክም፤ ብሮውዘሩ (ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም) ከነጭራሹ ይተወዋል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ 1995 እ.ኤ.አ. በወጣው የኤችቲኤምኤል 2.0 (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) ሰነድ ላይ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ጋ 5 የብዛት ቁጥርና 3 ራይት ብቻ ደረሱ። ራይቶቹም የሚናገሩት የየራሳቸው ቃል ስላልተሰጣቸው ሦስቱም የሚሉት «ኦን» (በርቷል) ብቻ ነው፤ የማን ኦን እንደሆኑ አይናገሩም። ሰርቨሩ ምን ያድርግ? ከላይ ጀምሮ አደላቸው፦ አንደኛው ኦን ለሳፋ፣ ሁለተኛው ለሲኒ፣ ሦስተኛው ለማንኪያ። ብርጭቆና ፔርሙስ ተራቸው ሲደርስ ዕደላው አልቋል። ሲኒውም ቢሆን የተረፈው ሁለተኛ ረድፍ ላይ መቀመጥ ቀንቶት ነው።

ይህን የሠራው ባለሙያ ሳይሞክር አልለቀቀውም ብለን እናምናለን። ሁሉም ላይ ራይት አድርጎ ሞከረ፤ ሠራ። የላይኛዎቹ ሁለቱ ላይ ብቻ አድርጎ ሞከረ፤ እሱም ሠራ። ስህተቱ ብቅ የሚለው መሃል ወይም ከላይ አንድ ረድፍ ሲዘለል ነው። እየመረጡ መዝለል ደግሞ የደንበኛ ሥራ እንጂ የሞካሪ ሥራ አይደለም።

መድኃኒቱ ደግሞ ጠበል የሚያስኬድ አይደለም። ሳጥኗ «ኦን» ማለቷን ትታ የዕቃውን ኮድ ትበል፤ የብዛቱ ሳጥን ስም ውስጥም ያው ኮድ ይግባ። ያኔ ሰርቨሩ «ብርጭቆ፣ 8 ደርዘን፣ ይጠቅለል» ብሎ ያነባል፤ ረድፍ ቢሰረዝም ቢገለበጥም ራይት ከባለቤቱ አይለይም። ከታደሰ በኋላም አረንጓዴውን ምስጋና ትተው፣ መዝገቡ ውስጥ የተቀመጠውን መልሰው አንብበው ዝርዝሩን ያሳዩ። ሳፋው ጎን ራይት ብታይ ኖሮ ባለሱቋ እዚያው ትስቅ ነበር፤ ነገሩም በሳቅ ያልቅ ነበር።

ስልክ ስትደውል የተሰጣት መልስ ይህ ነው፦ «ደንበኛችን፣ ሲስተሙ ላይ የሚታየው ሳፋና ማንኪያ ተሰባሪ ብለው የሞሉት እርስዎ መሆንዎን ነው። በደንበኛ ስህተት ለደረሰ ጉዳት አንጠየቅም።» ይህ የተነገራት ስልኩ ስፒከር ላይ ሆኖ፣ ሱቁ ገዢ ሞልቶ ነው። ሲኒና ብርጭቆ ስትሸጥ የኖረች ሴት፣ ሳፋ ይሰበራል ብላ የጻፈች ተባለች።

እዚህ ላይ ክቡርነቱ ይቅርብን። አንተ ፎርም፣ ያላለችውን አለች ብለህ መዘገብክ፤ ያለችውን ደግሞ ደመሰስክ። የመጀመሪያው ትዕዛዝ የት አለ? ማን፣ መቼ፣ ከምን ወደ ምን ቀየረ የሚል አንድ መስመር እንኳ አላስቀረህም። በላዩ ላይ ጽፈህበት ስታበቃ ምስክሩም አንተ፣ ዳኛውም አንተ ሆንክ። የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ እንኳ የተሰረዘ ዕዳ በአንድ መስመር ነው የሚሰረዘው፤ ከሥሩ ይነበባል፣ ጠብ ቢነሳ ይታያል። አንተ ግን ለአሮጌው ትዕዛዝ አንድ ተጨማሪ ሠንጠረዥ፣ ለቀኑና ለሰዓቱ አንድ ዓምድ ነፍገህ የሰው ስም ታጠፋለህ። የተሰበረው ዕቃ ይተካል እንበል፤ ገዢ ፊት «ራስሽ ነሽ» የተባለችውን ማን ይተካላታል?

ይቅርታ፣ ወደ ማዕረግዎ እንመለስ። ከርሞ የቆየም ቅሬታ አለንና።

አንድን ትዕዛዝ እህት ደሴ፣ ወንድም ኮምቦልቻ ሆነው በሁለት ስልክ ከፍተውታል። እሷ የጀበናውን ብዛት ከ6 ወደ 10 አሳድጋ አደሰች። እሱ ቀደም ብሎ የከፈተው ገጽ አሁንም 6 ነው የሚለው፤ የነካውም ማውረጃ ቦታውን ብቻ ነው። «አድስ» ሲል ግን አሮጌው 6 አብሮ ሄደ፣ የእሷ 10 ጠፋ። ሁለቱም አረንጓዴ ደርሷቸዋል። ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ተራርቀው «አንቺ ነሽ»፣ «አንተ ነህ» ሲባባሉ ያመሻሉ። አንድ የተደበቀ ሳጥን ይበቃ ነበር፦ የትዕዛዙ እትም ቁጥር። ገጹ ሲከፈት 7 ከነበረ፣ ሲታደስ «አሁንም 7 ከሆነ ቀይር፣ እትሙንም 8 አድርግ» ይባላል። ቀድሞ 8 የሆነ እንደሆነ አንድም ረድፍ አይቀየርም፤ ያኔ «ሌላ ሰው ቀድሞዎታል፣ አዲሱን ይዩ» ማለት ነው። ቤተሰብ ከመበተን ይቀላል።

ብዛት ጽፎ ኢንተር የሚጫን ሰው ዕቃው የሚጠፋበትም ያለ ምክንያት አይደለም። ኢንተር ሲጫን ብሮውዘሩ የሚመርጠው በፎርሙ ውስጥ መጀመሪያ የተጻፈውን የማስገቢያ ቁልፍ ነው፤ እርስዎ ዘንድ መጀመሪያ የተጻፈው ደግሞ የአንደኛው ረድፍ «ከካርት አውጣ» ነው። «አድስ»ን ከላይ ያስቀድሙት።

«2 ጨምር» ያለ ሰው ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍበት ሪፍሬሽ ካደረገ 4 ይሆንበታል። በፖስት (ፎርሙ በሚላክበት መንገድ) የመጣውን ተቀብለው በ303 («ሌላ ገጽ ሄደህ አንብብ» በሚለው ኮድ) ወደ ሌላ ገጽ ቢመልሱት፣ ሪፍሬሹ ገጹን ከማንበብ አያልፍም ነበር።

ዋጋውን በተደበቀ ሳጥን ለደንበኛው ሰጥተው መልሰው ከእሱ ይቀበላሉ፤ ቀንሶ ቢልከውም። በሰው ላይ ያለዎት እምነት ያስቀናል።

ስልክ ቁጥር በ251 ጀምሩ ይላሉ፤ 12 አሃዝ ይሆናል። ሳጥኑ የሚቀበለው 10 ነው። በ09 ስንጀምር ደግሞ እንደ ተራ ቁጥር ስለሚያስቀምጡት ዜሮዋን ይውጧታል።

ጠዋት 3 ሰዓት ይድረስ ብለን ስንሞላ ሾፌሩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በር ያንኳኳል። ጳጉሜን ላይ ስለሚወድቅ ቀጠሮ ባንነጋገር ይሻላል።

የቤት ቁጥር፣ የጎዳና ስም፣ ፖስታ ኮድ፣ ሦስቱም የግድ ናቸው። «ከቧንቧ ውሃ ወረድ ብሎ» ግን ልክ ያልሆነ አድራሻ ነው፤ ደሴ ላይ ባጃጅ የሚያውቀው ብቸኛው አድራሻ ይህ ሆኖ ሳለ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ካርቱ ባዶ ነው። እርስዎ በተጻፉበት ቋንቋ በፒኤችፒ የሴሽን (ሰርቨሩ ደንበኛውን የሚያስታውስበት ጊዜ) ነባሪ ዕድሜ 1440 ሴኮንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ነው፤ አልነኩትም። 24 ደቂቃ እዚህ አገር ቶና እንኳ አያደርስም።

ይህን ሁሉ በራስዎ የአስተያየት ሳጥን በኩል ለማቅረብ ተሞክሮ ነበር። ሳጥኑ የሚቀበለው 255 ባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ዘዴ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ አንድ ፊደሉ 1 ባይት በሆነው በእንግሊዝኛ ለሚያማርር 255 ፊደል፣ ለእኛ 85 ይደርሰናል። እሱንም አሳጥረን ላክን። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ) ውስጥ ቢኖርም መዝገብዎ ገና አልሰማምና፣ የጻፍነው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር የጥያቄ ምልክት ሆኖ ተቀመጠ። ወዲያው መልስ መጣልን፦ «ጥያቄዎ ደርሶናል።»

ከማይታደስ አክብሮት ጋር
የደሴና የኮምቦልቻ ባለካርቶች