ገበሬው የታለ?

እኛ ሰዎች ፊልም አይተን ስንጨርስ የማትቀር ጥያቄ አለችን። «እና ትምህርቱ ምንድን ነው?» እናት ሞታ፣ ልጅ ተሰድዶ፣ ፍቅረኛ ከድቶ፣ ለዚያ ሁሉ ለቅሶ ደረሰኝ እንዲቆረጥልን እንፈልጋለን። ቢያንስ አንድ ምክር ይዘን ካልወጣን ገንዘባችን ተበላ ማለት ነው። እኔ የአሜሪካኖቹን የሰመር ካምፕ ኮሜዲ የምወደው ለዚህ ነው። ምንም አያስተምርም። ላስተምር ቢልም አያምርበትም።

ታሪኩ ሁሌም ያው ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል። ወላጆች ልጆቻቸውን በአውቶቡስ ጭነው ሐይቅ ዳር ወዳለ ጫካ ይልካሉ። እዚያ «ካውንስለር» የሚባሉ ጎረምሶች ይቀበሏቸዋል፤ ራሳቸው ጠባቂ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ምግቡ አይበላም። አንድ አንገቱን የደፋ ዓይናፋር ልጅ አይጠፋም። ከማዶ የሀብታም ልጆች ካምፕ አለ፤ መጨረሻ ላይ ከእነሱ ጋር ውድድር ይደረጋል። አለቀ። ከዚህ የከፋ አደጋ የለም። (ያንኑ ካምፕና ያንኑ ሐይቅ ይዘው ነፍሰ ገዳይ የጨመሩበትም አለ። የኛን ወላጆች ሥጋት ስለሚያረጋግጥ እሱን እንለፈው።)

የዘውጉ አባት እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው «ሚትቦልስ» ነው። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ የተቀረጸ ነው፤ ቢል መሬይም በመሪ ተዋናይነት የሠራበት የመጀመሪያው ፊልም። በርካሽ ተሠርቶ አሜሪካ ውስጥ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። እኔን የገደለኝ ግን አንድ ንግግር ነው። ውድድሩ ላይ ካምፑ በሀብታሞቹ ካምፕ ክፉኛ እየተመራ ነው። ማታ ሁሉም ተኮራምቶ ተቀምጧል። ቢል መሬይ ይነሣል። እኛ ቤት ቢሆን የሚባለውን አውቀዋለሁ፤ «የእነሱ ልጆች ሁለት ጭንቅላት አላቸው?» እሱ ግን ብናሸንፍም ያው ነው ይላቸዋል። ቆንጆዎቹ ሴቶች እንደሆኑ ከማዶዎቹ ጋር ነው የሚወጡት፤ ገንዘቡ እነሱ ጋ ነው። ከዚያ «ምንም ለውጥ የለውም!» እያለ ይጮኻል። አዳራሹ ሙሉ እየዘለለ ይቀበለዋል።

አሁን ይህን ንግግር አንድ አባት በ12ኛ ክፍል ፈተና ዋዜማ ለልጁ ሲያደርግ አስቡት። እስኪነጋ ሽማግሌ ይሰበሰባል። ጠበል ይመጣል። ለልጁ ሳይሆን ለአባትየው።

እዚያው ፊልም ላይ ካውንስለሮቹ የካምፑን ዳይሬክተር በተኛበት፣ ከነአልጋው አንሥተው ጫካ ውስጥ ያስቀምጡታል። ነቅቶ አካባቢውን ያያል። ሌላ ማታ ደግሞ ይደግሙታል። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት የዩኒት ሊደሩን ወንበር እንኳ ያለ ፈቃድ የነካ ሰው ወላጅ ይዞ ነበር የሚመጣው።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አጎቴ ሳሎን ውስጥ ከእሱ ጋር ሆነን አየነው። ጋሼ ካምፕ ሲባል የሚያውቀው የ1967ቱን የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ነው። ተማሪ ተጭኖ ገጠር ይወርዳል፤ ገበሬ ያደራጃል፣ ፊደል ያስቆጥራል። ስለዚህ አውቶቡሱ ጫካ ሲገባ ፊቱ በራ። ልጆቹ ሲዋኙ፣ ሲበሉ፣ ሲሳሳቁ ብዙ ታገሠ። በመጨረሻ አልቻለም።

«ገበሬው የታለ?»

«ገበሬ የለም ጋሼ፤ ሊዝናኑ ነው የመጡት።»

«ማን ልኳቸው?»

«ወላጆቻቸው።»

«ምን አጥፍተው?»

ኧረ እንዲያውም ከፍለው ነው፣ ያውም በሺህ የሚቆጠር ዶላር አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ። «ጣውላ ላይ ለሚተኙት?» አለ። «ለትንኝ?» የዘመተው በነፃ ስለነበር መሰለኝ ትንሽ ቅር ያለው።

ጋሼ የተስማማው በ«ዘ ፓረንት ትራፕ» ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. የ1998ቱ፣ ሊንዚ ሎሃን ሁለቱንም መንትዮች ሆና የሠራችው። ወላጆቻቸው ሲፋቱ አንዳንድ ሕፃን ተካፍለው አንዱ ካሊፎርኒያ፣ አንዷ ለንደን ገብተዋል። ልጆቹ እስከ 11 ዓመታቸው እኅት እንዳላቸው አያውቁም። ካምፕ ተገናኝተው ይጣላሉ፤ ለቅጣት አንድ ጎጆ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ይደረጋሉ፤ ለሁለት የተቀደደ ፎቶ ሲገጥሙ እውነቱ ይወጣል። ደስ ይላል። ግን እኛ ሰፈር ይሄ ፊልም 5 ደቂቃም አይሄድም። 11 ዓመት ሙሉ ዝም የሚል ጎረቤት የት ይገኛል? ገና ክርስትናው ላይ አንዷ እትዬ «ሌላዋስ ደህና ናት?» ብላ ትገላግለን ነበር። ጋሼ ደግሞ «ሽማግሌ አልነበራቸውም?» እያለ እስከ እራት ተቆጨ።

እኔ ግን ልቤ ያለው «ዌት ሆት አሜሪካን ሰመር» ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። ታሪኩ በሙሉ የሚሆነው በአንድ ቀን፣ በካምፑ የመጨረሻ ቀን፣ ኦገስት 18 ቀን 1981 ነው። ሙሉ በሙሉ የፀሐይ ፊልም ነው፤ ሲቀረጽ ግን ዝናቡ አላባራ ብሎ መከራቸውን አሳያቸው። የአዲስ አበባ ልጅ የሚገባው ክረምት ማለት ይሄ ነው። ገቢው 300 ሺህ ዶላር እንኳ አልሞላም። ብራድሌይ ኩፐር፣ ኤሚ ፖህለርና ፖል ራድ ግን እዚያ አሉ፤ ገና እንደዛሬው ሳይታወቁ፣ ጢም እያላቸው ልጅ ሆነው። ቀስ በቀስ ሰው ወደደው። በ2015 ኔትፍሊክስ መልሶ ሰበሰባቸውና የዚያኑ ክረምት የመጀመሪያ ቀን አሠራቸው። 14 ዓመት አርጅተው፣ በታሪኩ ከበፊቱ በጥቂት ሳምንት አንሰው ማለት ነው። ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የሚሰለፉትን ለምናውቅ ሰዎች አይገርመንም።

አሜሪካኑ ሁሉ ካምፕ አድጎ አይደለም እነዚህን ፊልሞች የሚወዳቸው። ብዙው አልሄደም፤ ውድ ነው። ያልሄደበት ቦታ ነው የሚናፍቀው። እኔም እንደዛው ሳልሆን አልቀርም።

ችግሩ ፊልሙን ልጆችም ማየታቸው ነው። የጋሼ የልጅ ልጅ «ማሚ፣ እኔንም ላኪኝ» አለች። ጓደኛዋ ቤት አንድ ሌሊት ማደር ያልተፈቀደላት ልጅ ናት። ማሚ መልስም አልሰጠች፤ ቴሌቪዥኑን ብቻ አየችው። ሁለት ቀን ከተለቀሰ በኋላ ስምምነት ተደረሰ፤ ቤተ ክርስቲያን የክረምት የፊደል ትምህርት ትገባለች፣ ማታ ማታ ቤቷ ታድራለች።

«ሐይቅ አለው?» አለች።

«ጠበል አለው» አለች እናቷ።

«ከማዶ የምንጋጠመው ካምፕስ?»

ጋሼ ከሶፋው ቀና አለ። «እሱስ አለ» አላት። «አምና ነው ተገንጥሎ መንገዱን የተሻገረው።»