«ሪስታርት አድርጉት» ሰለቸን!

ኧረ በናታችሁ! ባህር ዳር ውስጥ ሰርቨር (በኔትወርክ ለብዙ ደንበኛ የሚመልሰው ፕሮግራም) በተንጠለጠለ ቁጥር «መብራት ነው፣ ሪስታርት አድርጉት» ማለት ይብቃን። መብራትማ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። እያወቅን እንደማይሄድ አድርገን የምንጽፈው ኮድ ነው ያስቸገረን!

አባይ ማዶ ያለ አንድ ቢሮ መብራት ድርግም ሲልበት ኮምፒውተሩም ራውተሩም አብረው ይጠፋሉ። ግንኙነቱ መዘጋቱን ለሰርቨሩ የሚነግረው የለም። ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ ኔትወርክ የጠፋበት ስልክም ያው ነው። ሰርቨሩ ውስጥ ያንን ደንበኛ የያዘው ትሬድ (ለየደንበኛው የሚመደብ የሥራ ክር) ግን ሪሲቭ ላይ፣ ማለትም ከደንበኛው መልእክት በሚቀበለው ትእዛዝ ላይ፣ ተገትሮ ይጠብቃል። እስከ መቼ? ኪፕአላይቭ (ዝም ያለ ግንኙነት አሁንም መኖሩን የሚፈትሸው) ካልተከፈተ መቼም አይነቃም። ቢከፈትም ሊኑክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቅንብሩን ካልነካችሁት በቀር የመጀመሪያውን ፍተሻ የሚልከው ከ7200 ሰከንድ በኋላ ነው፤ 2 ሰዓት ሙሉ! ከዚያ በየ75 ሰከንዱ፣ እስከ 9 ጊዜ። እስከዚያ መብራቱ ስንቴ ሄዶ ስንቴ ይመጣል?

እንዲህ የተገተረ ትሬድ ሁሉ አንድ ፋይል ዲስክሪፕተር (ሲስተሙ ለተከፈተ ፋይል ወይም ግንኙነት የሚሰጠው ቁጥር) ይዞ ነው የሚቀመጠው። ለአንድ ፕሮሰስ (እየሠራ ላለ ፕሮግራም) የተለመደው ገደብ ደግሞ 1024 ነው። ሲሞላ አክሰፕት (አዲስ ደንበኛ የሚቀበለው ትእዛዝ) መጠበቁን ትቶ ወዲያው ስህተት ይመልሳል። በጣም የሚያናድደው እዚህ ጋ ነው፦ ኮዱ ስህተቱን ሳያይ ሉፑን ይደግማል፣ አንዱ የፕሮሰሰር ኮር 100 ፐርሰንት ይነዳል፣ አዲስ ደንበኛ ግን አንድም አይገባም። ከዚያ «ከብዶት ነው፣ ራም ይጨመር» ይባላል። ራሙ ምን በወጣው!

ግንኙነቱን እንደተቀበላችሁ ሶኬቱ (የግንኙነቱ ጫፍ) ላይ የንባብ ታይምአውት (የመጠበቂያ ጊዜ ገደብ) አድርጉ፤ ለአጭር ጥያቄና መልስ 30 ሰከንድ ይበቃል። ሪሲቭ 0 ከመለሰ ወዲያ ያለው ዘግቷል ማለት ነው፣ ውጡ። ክሎዝ (ሶኬቱን የሚዘጋው ትእዛዝ) ደግሞ በሁሉም መውጫ ይጠራ፤ ሥራው ሲሳካ ብቻ ዘግቶ በስህተት ሲወጣ የሚረሳ ኮድ ሞልቷል። «ትሬድ ፑል (ቀድመው የተዘጋጁ፣ ቁጥራቸው የተወሰነ ትሬዶች) አለን» ብላችሁም አትዘናጉ። ታይምአውት ከሌለ ፑሉ ይብሳል፤ 20 ትሬድ ካለው 20 ዝም ያሉ ደንበኞች ሙሉ በሙሉ ያቆሙታል።

ሌላው በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚጻፍ ጉድ አለ፦ የሶኬቱ ቁጥር የሚቀመጥበትን የአንድ ቫሪያብል አድራሻ ለሁሉም ትሬድ ማቀበል። ሶኬት 6ን የተቀበለው ትሬድ ቁጥሩን ሳያነብ ሶኬት 7 ይመጣና እላዩ ላይ ይጻፍበታል። ሁለቱም ትሬዶች 7ን ይዘው ይሻማሉ፣ የ6 ባለቤት መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ላፕቶፕ ላይ በሁለት ደንበኛ ሲሞከር አይታይም፤ ብዙ ሰው አንዴ ሲገባ ነው የሚፈነዳው። ቁጥሩን ለየትሬዱ ኮፒ አድርጋችሁ ስጡ፣ በቃ።

ደሞ ያ የምትተማመኑበት ሪስታርትስ መቼ ይሠራል? አሮጌዎቹ ግንኙነቶች ታይምዌይት (ከተዘጉ በኋላ የሚቆዩበት የመጠበቂያ ደረጃ) ላይ 60 ሰከንድ ያህል ይቆያሉ፤ ሪዩዝአድሬስ (አድራሻውን እንደገና ለመጠቀም የሚፈቅደው ቅንብር) ከባይንድ (ሰርቨሩን ከአድራሻው ጋር ከሚያያይዘው ትእዛዝ) በፊት ካልተደረገ ሰርቨሩ «አድራሻው ተይዟል» ብሎ እንቢ ይላል። አንድ መስመር ኮድ ናት! እሷን ባለመጻፍ ነው ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ቆሞ የሚጠብቀው።