«ቁጥር አይዋሽም» ላሉን ኃላፊ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር በሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተቋም የዓመቱ የምርምር ግምገማ ላይ ተጋብዤ ተቀምጬ ነበር። የተቋሙ ኃላፊ የታተሙት ጽሑፎች ብዛት ካለፈው ዓመት በእጥፍ ማደጉን ከመድረኩ አበሠሩን። ቀጥለውም ከመጪው ዓመት ጀምሮ የምርምር ድጋፍም ሆነ ለማዕረግ ዕድገት የሚያዝ ነጥብ የሚሰጠው ስኮፐስ በተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ጽሑፎች መዝገብ በተመዘገበ መጽሔት ለወጣ ጽሑፍ ብቻ እንደሚሆን፣ ሶፍትዌር፣ የተሰበሰበ ዳታ፣ የተሠራ መሣሪያና በጉባኤ የቀረበ ጥናት ግን በምርምር ውጤትነት እንደማይቆጠሩ አስታወቁ። አንድ ወጣት መምህር ተነሥቶ ጥራቱስ በምን ይለካል ብሎ ቢጠይቅ፣ ኃላፊው ፈገግ ብለው «ቁጥር አይዋሽም» አሉት። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብሁም፤ ምክንያቱንም የሻይ ዕረፍት ወሬ ከማደርገው እዚህ መጻፉን መረጥሁ።

ቁጥር እንደሚዋሽ ከማንም ቀድሞ ማወቅ የነበረበት የኮምፒውተር ሳይንስ ሰው ነው፤ ከታወቁት ውሸቶች አንዱ የተዋሸው በገዛ ቤቱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስት የኤምአይቲ ተማሪዎች ሳይጅን የተባለ ፕሮግራም ጻፉ። ፕሮግራሙ ርእስ፣ ግራፍና ማጣቀሻ የተሟላለት፣ ትርጉም ግን ፈጽሞ የሌለው የኮምፒውተር ሳይንስ ጽሑፍ በቅጽበት ያመርታል፤ ከምርቶቹ አንዱም ለጉባኤ ተልኮ ተቀባይነት አገኘ። የተማሪ ቀልድ ነው ብለን እንዳናልፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ስፕሪንገር የተባለው አሳታሚና አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር በዚሁ ፕሮግራም የተመረቱ ከ120 በላይ ጽሑፎችን ከየመዝገባቸው ለማውጣት ተገደዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በዓለም ዙሪያ ከታተሙ በኋላ የተሰረዙ ጽሑፎች ቁጥር ከ10,000 አልፏል፤ አብዛኞቹም ሂንዳዊ በተባለው አሳታሚ መጽሔቶች የወጡ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ከመሰረዛቸው በፊት በነበረው ቀን በየተቋማቸው ሪፖርት ላይ በሚገባ ተቆጥረው ነበር። የዚያን ቀን ቁጥሩ አልዋሸም ማለት ነው?

በጉባኤ የቀረበ ሥራ አይቆጠርም መባሉማ ከዚህም የባሰ ነው፤ ኃላፊው የሚመሩትን ሙያ ልማድ አያውቁትም ያሰኛል። በኮምፒውተር ሳይንስ ዋነኛው የሥራ ማቅረቢያ ጉባኤ እንጂ መጽሔት አይደለም። ዛሬ በየስልካችን የሚመልሱልን የቋንቋ ሞዴሎች የቆሙበት ትራንስፎርመር የተባለው አሠራር ለዓለም የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 በተካሄደ ጉባኤ ነው። መሐንዲሱ ክሎድ ሻነን የኢንፎርሜሽን ቲዎሪን (መረጃን የመለካትና የማስተላለፍ ሳይንስን) መሠረት የጣለበትን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ይሠራበት የነበረው የቤል ኩባንያ ራሱ በሚያሳትመው መጽሔት ነው። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና እ.ኤ.አ. በ1991 ብቅ ሲል ኮድ እንጂ ጽሑፍ አልነበረም። ሦስቱንም በአዲሱ መመዘኛ ብንመዝናቸው ትራንስፎርመር ዜሮ፣ ሊኑክስ ዜሮ፣ ሻነንም ምናልባት በልመና የሚያልፍ ይሆናል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልምጣ። በዚያው ተቋም አንድ መምህር ከሁለት ተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ለአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የሠራውን ፕሮግራም አይቻለሁ። ካርድ ክፍል ወረፋ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ችግሩን ያለ አስረጂ ይረዳዋል። ታካሚው ስሙን ይናገራል፤ ሠራተኛዋ ትጽፋለች፤ ኮምፒውተሩ የለም ይላል፤ አዲስ ካርድ ይወጣል፤ አንዱ ሰውም በአንድ ጤና ጣቢያ ሦስትና አራት ካርድ ይኖረዋል፤ ያለፈው ምርመራና የመድኃኒት ታሪክም ከአሮጌው ካርድ ጋር ተቀብሮ ይቀራል። ለምን ቢሉ፣ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር ቁጥር የሚያገኙበት መዝገብ) 3.0 እትም ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተሩ እንደ በ እና ዘ የማይገናኙ ናቸው። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን አንድ ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ በስድስት መንገድ ይጻፋል፤ ሥ በሁለት፣ ሴ በሁለት። ይህ 24 ይሆናል። አንዱ ገጥሞ፣ ሌላው ለያይቶ ይጽፈዋልና 48 ይሆናል፤ በሕዝባር (ኃ/ሥላሴ ብሎ) ያሳጠረው ገና አልተቆጠረም። ሠራተኛዋ 48 ጊዜ ትፈልግ?

ሆሄያቱን ጨፍልቆ አንድ ማድረግ ቀላል መፍትሔ የሚመስለው ይኖራል። አይደለም፤ ሠረቀ እና ሰረቀን ያደባለቀ ሰው የወጣውን ፀሐይ ከሌባ ጋር ያገናኛል። የሰውን ስም ባለቤቱ ከሚጽፈው ለውጦ መመዝገብም ነውር ነው። ስለዚህ እነዚህ ልጆች ስሙ እንደ ተጻፈ እንዲቀመጥ፣ ፍለጋው ግን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት እንደ አንድ እንዲያይ አደረጉ። በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለም የአባትንና የአያትን ስም ለየብቻቸው እንዲመዝን፣ ዕድሜውን በግምት ለሚናገር ታካሚም የዓመታት ልዩነት እንዲታገሥ አድርገው አበጁት። ለዚህም የተጻፉ ስሞችን በእጅ እያመሳከሩ ሰብስበዋል፤ ስሕተቱን ለክተዋል፤ አሻሽለው እንደገና ለክተዋል። እኔ ምርምር የምለው ይህንን ነው፤ ጥያቄ አለው፣ ዘዴ አለው፣ ልኬት አለው፣ ተጠቃሚም አለው። በግምገማው ሰነድ ላይ ግን ከመምህሩ ስም ትይዩ የተጻፈው ዜሮ ነበር። ጽሑፍ አድርገው ቢልኩት ደግሞ የመጽሔቱ ገምጋሚዎች ጉዳዩ ለዓለም አቀፍ አንባቢ ብዙም እንደማይጠቅም ገልጸው መለሱባቸው። እንደ እነርሱ ከሆነ ዓለም የሚጀምረው ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወዲያ ነው።

በኤሌክትሪካል ምህንድስናው በኩል የሚቆጠረው ምን እንደሆነ ደግሞ እንመልከት። በሪፖርቱ ላይ ከተደረደሩት ጽሑፎች መካከል የኃይል ብክነትን ስለ መቀነስ የሚያወሱት ደጋግመው የሚፈትኑት ባለ 33 ባስ (የመስመር መገናኛ ነጥብ) ናሙና መረብን ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣ ጥናት የቀረበ፣ 12.66 ኪሎ ቮልት የሆነ የወረቀት መረብ ነው። የእኛ አገር የማከፋፈያ መስመሮች በብዛት 15 እና 33 ኪሎ ቮልት ናቸው። ናሙናው ዘዴን ከዘዴ ለማወዳደር እንደሚጠቅም አውቃለሁ፤ ነገር ግን ማትላብ በተባለው የስሌት ፕሮግራም የዳነው ኪሎ ዋት የአንድም ጎንደሬ አምፖል አላበራም። ከተማው ውስጥ ካሉት መስመሮች አንዱን ይዞ በወር ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰዓት፣ በምን ምክንያት እንደሚቋረጥ መመዝገብ ግን አድካሚና ምሰሶ ለምሰሶ የሚያንከራትት ስለሆነ፣ መጽሔቱም ስለማይጓጓለት፣ ማን ይነካዋል? መብራት በጠፋበት ምሽት ላፕቶፑ ባትሪ እስኪጨርስ ድረስ ስለሌለ መረብ የሚጽፍ መሐንዲስ ማፍራታችን ራሱ በቅኔ ቢነገር ያምር ነበር።

አንድ ነገር ልስጣቸው፤ ቁጥር ጨርሶ ባይኖር ሰነፉ ከታታሪው ጀርባ ይሸሸጋል። ይህ እውነት ነው። ከዚያ በላይ ግን የምሰጣቸው የለኝም። የምናገረውም የጎንደሬ ግትርነት ይዞኝ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተረቀቀው ስለ ምርምር ምዘና የሚናገረው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ የመጽሔትን ደረጃ የጽሑፍ ጥራት መለኪያ አድርጎ መጠቀምን ይቃወማል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው በዚያው ጉዳይ ላይ የተጻፈው የላይደን ማኒፌስቶም ለአካባቢ ፋይዳ ያለው ምርምር ጥበቃ ይደረግለት ይላል። ኃላፊው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሲሉ የትኛውን ዓለም ማለታቸው እንደሆነ በዚህ አጋጣሚ ቢያብራሩልን ደስ ይለኛል።

ከዚያው አዳራሽ ብዙም ሳይርቁ የአቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዜማና ዝማሜ ትምህርት) ምስክር የሆነችው ጎንደር በአታ አለች። እዚያ ደቀ መዝሙሩ ስንት ገጽ እንደ ገለበጠ ተቆጥሮ አይመሰከርለትም፤ መምህሩ ፊት ቆሞ ያደርሳል፣ ሲሳሳት ይታረማል፣ የሚያውቅ ሰው አውቆ ይመሰክርለታል። ለፕሮግራሙም እንዲሁ ማድረግ ምን ከለከለ? ሁለት የሙያው ሰዎች ኮዱን ይክፈቱት፤ አንድ ከሰዓት ካርድ ክፍሏ ውስጥ ይቀመጡ፤ ሠራተኛዋን ይጠይቁ፤ ያዩትን ጽፈው በስማቸው ይፈርሙ። አድካሚ ነው፤ ከስኮፐስ ዝርዝር ላይ ቁጥር ከመቅዳት ግን የተሻለ ግምገማ ነው።

መምህሩን ከስብሰባው በኋላ አግኝቼው ፕሮግራሙ ከምን ደረሰ ብዬ ጠየቅሁት። ለጊዜው አቁሜዋለሁ አለኝ። አሁን በእንግሊዝኛ የተጻፉ የፊልም አስተያየቶችን ደስታና ቅሬታ የሚለይ ሞዴል እየሠራ ነው፤ ዳታው ተዘጋጅቶ በነፃ የተቀመጠ ስለሆነ በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጽሑፍ ያወጣለታል።