የለ ኮርቡዚዬ ቤቶች ነጭ ብቻ አይደሉም

ወንድሜ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለውን የአያትህን ቤት ስታድስ ነደባውን (በቤቱ ውስጥ ያለውን ቀይ መደብ) ጭምር ነጭ ልትቀባ እንዳሰብህ ጽፈሃል። ምክንያትህ «የዘመናዊ ሥነ ሕንፃ አባት ለ ኮርቡዚዬ ቤቶቹን ሁሉ ነጭ አድርጎ ነው የሠራቸው» የሚል ነው። ይህ በጣም የተለመደ ስሕተት ነውና ብሩሹን ሳታነሣ ስማኝ።

ስሕተቱ በከፊል የመጣው ከራሱ ከለ ኮርቡዚዬ ነው፤ በ1925 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኖራን ነጭነት አጥብቆ አወድሶ ጽፏል። ይበልጥ ያሳሳተን ግን ቤቶቹን ዓለም ያወቃቸው በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ መሆኑ ነው። በፓሪስ የላ ሮሽ ቤት ውስጥ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ግራጫና የአፈር ቡኒ ግድግዳዎች አሉ። በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ አጠገብ በፔሳክ በ1920ዎቹ ለሠራተኞች ባነጸው ሰፈር የውጭው ግድግዳ ሳይቀር ቡኒ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ነው። በነጭነቱ የሚጠቀሰው የሳቮይ ቪላ እንኳ የምድር ቤቱ ግድግዳ አረንጓዴ ነው! በ1931 ደግሞ ለአንድ የግድግዳ ወረቀት አምራች 43 ቀለሞችን መርጦ አዘጋጀ። ነጭ ብቻ የሚወድ ሰው ይህን ያህል ምን ይደክማል?

ቀለም ለእርሱ ጌጥ ብቻ አልነበረም። ሰማያዊ ግድግዳውን ከዓይን ያርቃል፣ ቀይ ባለበት ያጸናዋል ብሎ ያምን ነበር፤ ክፍሉን የሚቀርጸው በቀለም ጭምር ነው። የሐረር ሴቶች በቀዩ ነደባና በግድግዳው ላይ በሚደረደሩት ስፌቶች የሚያደርጉትም ከዚህ አይርቅም።

የውጭውን ግድግዳ ከፈለግህ ኖራ ቀባው። ነደባውን ግን እባክህ ቀይ እንደሆነ ተወው።